ወፍራሙ ድምፅ የይታይሽ ነው

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው። አርብ ገበያ ላይ ያችን አዲስ ካሴት ገዝተህ፣ ሻይ ቤት ተጎልተህ «አይ ወንድ! ድምፅ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» እያልክ አንገትህን የምትወዘውዘው። አንችም እንደዚሁ፣ ቀጭኗን ድምፅ ሰምተሽ «ይችስ ልጅ አንጀት ትበላለች» የምትይዋ። ሁለታችሁም ተሸውዳችኋል። ወንድ ያልከው ሚስቴ ናት። ልጅት ያልሻት ደግሞ ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ቢሮ ይዞ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ካኪ ለብሶ የሚንጎማለል ሰውዬ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ጆሮ ግን አለኝ። ይሄ ደብዳቤ ለሷ ነው፤ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት አንተም ቆመህ እንድታነበው ነው። አንብብ።

ይታይሽ፣ ሆዴ፣

ያለአንች ስምንተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ነሽ አልልሽም፤ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። እኔን ብትጠይቂኝ ክፉኛ ነኝ። ለሌላው ሰው «እግዜር ይመስገን» እላለሁ፤ አንችን ግን ዋሽቼሽ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም።

ያች አፋፍ ላይ የነበረችው ቤታችን የለችም። መንደር ምሥረታ ተብሎ ሁላችንም ወደ ሜዳው ውረዱ ተባልን። ጣራዋን በገዛ እጄ ገፈፍኩ፣ ምሰሶዋን በትከሻዬ አወረድኩ። አንች የለቀለቅሽው ግድግዳ ግን ተሸክሜው የምሄደው ነገር አይደለምና እዚያው ዝናብ በላው። አሁን ቤቱ ሁሉ እንደ ወታደር ተሰልፏል፤ ጠጥቶ የሚገባ ሰው የጎረቤቱን በር የራሴ ነው ብሎ ሲደበድብ ያድራል። የስፌት መኪናዋ አለች። እሷም አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ አንዳችን ስንቆም አንዳችን እንገፋለን። ስንዱ አራተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ ያንች ነው። ሌላ ሌላውን ቆይቼ እነግርሻለሁ፣ እሱን ለመናገር ጉልበት ማጠራቀም አለብኝ።

አብረውሽ ይዘፍኑ ከነበሩት የሻረግ የለችም። በሰፈራ ተጭና ከነልጆቿ ወደ ቆላ ወረደች፤ ደረስኩ የሚል ቃል እንኳ አልመጣም። ካሳን ደግሞ አርብ ቀን ጋቢውን ሊሸጥ እንደወጣ ከገበያ መሀል አፍሰው ወደ ሰሜን ወሰዱት። እናቱ ዛሬም ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። እንግዲህ ከአራቱ ዘፋኞች አንች አፈር ውስጥ ነሽ፣ የሻረግ ቆላ፣ ካሳ ጦር ሜዳ። የቀረው ሙሉዓለም ብቻ ነው። ምነው እሱም ባልቀረ!

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አንች ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ሰሌዳ ስር የቆመው ሰው ግን አያውቅምና ልንገረው።

በድርቁ ጊዜ ለእርዳታ የመጣውን የብራዚል ሐኪም ልብስ የምታጥቢለት አንች ነበርሽ። ብራዚል ሲባል እኛ የምናውቀው ኳስ ብቻ ነው፤ ለካ ሰዎቹ ይዘፍናሉም። ሐኪሙ ባስቸኳይ ውጣ ሲባል በባትሪ ድንጋይ የምትሠራውን የሸክላ ማጫወቻና አንዲት ሸክላ ላንች ትቶልሽ ሄደ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ጊታር። የኛ አገር ዘፋኝ ከተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ነው የሚዘፍነው፤ እነሱ ግን አጠገባቸው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው የፈሩ ይመስላሉ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከስሩ ይገባል፣ ሦስተኛው ከላይ ይደርባል፣ ማንም ማንንም አይጋፋም። ቋንቋው አይገባንም። አንች ግን ልብስ እያሰጣሽ ሰምተሽ ሰምተሽ «ደምሴ፣ ይችን ሴትዮ የሆነ ሰው ቀርቶባታል» አልሽኝ።

ታዲያ ባትሪ ድንጋይ ከየት ይምጣ? የደከመውን ድንጋይ ቋጥኝ ላይ ዘርግተን ፀሐይ እናሞቀዋለን፣ መልሰን እንከተዋለን። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ነፍስ ቢዘራም ጉልበት የለውም። ሸክላዋ እንደ ከሳ በሬ እየተጎተተች ትዞራለች። ወንዶቹ ከጉድጓድ ውስጥ ይዘፍናሉ፣ ሴቶቹ በወንድ ድምፅ። እኛ ምን እናውቃለን? የብራዚል ሴት ስትዘፍን እንዲህ ናት አልን፣ አለቀ።

ያን ጊዜ ሙሉዓለም ጓዳችን ውስጥ ነበር የሚያድረው። ከቤተ ልሔም የዜማ ቤት ድጓውን ሳያስመሰክር ጥሎ የወረደ ተማሪ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር። አንች አበላሽው። እኔን «ጋሼ ደምሴ፣ አንቱ ሳይቀመጡ» እያለ ካልተነሳ በቀር ቁርሱን አይቀምስም ነበር። ጆሮውን አልክድበትም፤ ጆሮ ነበረው። ሸክላዋን ሰምቶ የሲሚንቶ ወረቀት ቀደደና ልክ እንደ ድጓ ምልክት ጣለባት፤ ይዘቱን፣ ርክርኩን፣ ሁሉንም። የዋናዋን ሴትዮ መስመር «ደረት» ብሎ ጻፈበት፤ ድምፁ ከታች ከደረት ተነስቶ ይምጣ ማለቱ ነው። ካሳ ሸማኔው ሞከራት፤ በጣም ወረደና ከመሬት በታች ገባ። ጎረቤታችን የሻረግ ሞከረቻት፤ ሳቋ አላስጨርስ አላት። አንች ስትሞክሪያት እኔ መኪናዬን አቆምኩ። ሱሪ ሊያስጠብብ የቆመው ገበሬ እንኳ «ቆይ፣ አትስፋ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ መስመር ያንች ሆነ። ለሙሉዓለም የተረፈው ከሁላችሁም በላይ የሚንሳፈፈው ቀጭኑ ነው። የዜማ ተማሪ ጉሮሮ ነውና ወጣለት፤ እንዲያውም ከሴት አስበልጦ አወጣው።

ኋላ አንድ ሹፌር አዲስ ባትሪ ድንጋይ አመጣልን። ከተትነው። ኧረ ጉድ! ማጫወቻዋ ዘላ ተነሳች። ሴትዮዋ እንደ ጫጩት ጮኸች፣ ጊታሩ ሰርግ ቤት እንደዘገየ ሰው ሮጠ። ካሳ «ይሄስ የሌላ ሰው ዘፈን ነው፣ የኛን መልሱልን» ብሎ ከልቡ ተቆጣ። አንች መሬት ላይ ተንከባለልሽ፣ በሳቅ። ለካ ዓመት ሙሉ ስንማር የኖርነው የባትሪውን ድካም ኖሯል! ሙሉዓለም አፍሮ ጆሮው ቀላ፤ እንደገና በትክክሉ እንማረው አለ። አንች እምቢ አልሽ። «የነሱን እነሱ ይዝፈኑት፤ ይሄ የኛ ሆኗል» አልሽ። ያለ አንች እምቢታ ዛሬ ሰው የሚደነቅበት ካሴት የለም። ይሄንንም አብሮ ይጻፍልኝ።

ወገዳ ሰርግ ተጠርታችሁ የሄዳችሁበትን ቀን አልረሳውም። ሰው እስክስታ ሊወርድ ትከሻውን አዘጋጅቶ ቆሟል፣ እናንተ ያን ተንፏቃቂ ዘፈን ጀመራችሁ። ትከሻ ሁሉ እንደተሰቀለ ቀረ። የሙሽራው አባት ለሙሉዓለም ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ሙሽሪት ታማለች እንዴ?» አሉት። ከዚያ አንች ገባሽ፣ በዚያ በወፍራሙ። ወጥ የሚያወጡት ሴቶች ጭልፋ እንደያዙ ወጥተው ቆሙ። ስትጨርሱ ማንም አላጨበጨበም፤ አንዲት አሮጊት ብቻ «ድገሚውማ፣ አንች ትልቋ» አሉሽ። ደገምሽ። ያን ቀን አንች መሆንሽን ዓይናቸው ያየ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የት ናቸው?

ከዚያ ነፋስ መውጫ ወጥታችሁ አንድ ነጋዴ ገብስ መጋዘኑ ውስጥ ቴፕ አስቀምጦ ቀዳችሁ። እኔ ሰው እንዳይገባ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ አህያ አናፋች፤ ማን ይከልክላት? እንደገና ይቀዳ ሲባል ነጋዴው «ተውት፣ ካሴት አባከናችሁ» አለ፤ አህያዋም እዚያው ቀረች። ካሴቷን «ዝግ ብለሽ ነይ» አላችኋት፣ ራሳችሁን «አራቱ»።

አርብ ገበያ ሳቀባችሁ። «ተኝታችሁ ነው የዘፈናችሁት?» ያለ አለ። «ሙሾው የማን ነው፣ ነፍስ ይማር» ያለም አለ። ሳቁንስ ቻልነው። ያልሳቀው ካድሬው ነው። «አብዮቱ እየገሰገሰ እናንተ ዝግ በይ ትላላችሁ?» አለ። ካሴቶቹ ከየቤቱ ተለቀሙ፣ በላያቸው ላይ ንግግር ተቀዳባቸው፤ የኛም አብራ ሄደች። በየቤቱ አንች የነበርሽበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ስለ ምርት ዘመቻ ይጮሃል። ሰውም ረሳችሁ፣ በቃ፣ ማንም ሳይከለክለው ረሳችሁ።

ከዚያ ወዲህ አልዘፈንሽም። ስንዱን ስታስተኝ እንኳን አፍሽን ዘግተሽ ነበር የምታንጎራጉሪላት። ተስቦው ሲጥልሽ፣ በቃሬዛ ወደ ነፋስ መውጫ ስናወጣሽ፣ ካንች ቀድሞ ድምፅሽ ሄደ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፣ ተሸካሚዎቹን ቁሙ እያልኩ ጆሮዬን አፍሽ ላይ አስጠጋለሁ፣ ምንም የለም። የመጨረሻ ቃልሽ ምን እንደነበር አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «ስንዱን አደራ አለችኝ» እላለሁ። ብለሽ ይሆናል። እኔ ግን አልሰማሁም።

እንግዲህ አሁን ስሚኝ፣ የመጻፌ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው።

የተማሪ ሸሚዝ እየሰፋሁ ነበር፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮሃል። አንድ ጋዜጠኛ የጠፋ ሀብት ተገኘ ብሎ ጀመረ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋ ከለቀማው የተረፈች አንዲት ካሴት ኖራለች። የብራዚል ቃና ጋይንት ተራራ ላይ እንዴት በቀለ እያለ ተደነቀ፣ ተራቀቀ። ከዚያ አንች መጣሽ። መርፌዋ ጣቴን ወግታኛለች፤ ያወቅሁት ደሙን ሸሚዙ ላይ ሳየው ነው። በቃሬዛ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ያጣሁት ድምፅ በሰው መስኮት ገባ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጋዜጠኛው «ይህ አስገምጋሚ ድምፅ የጓድ ሙሉዓለም ነው» አለ። በአንድ ትንፋሽ አገኘሁሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ተወሰድሽብኝ።

ሳይቆይ ካሴቷ እንደ አዲስ ተባዝታ ገበያ ወጣች። ሽፋኑን የሙሉዓለም ጢም ሞልቶታል። ስሩ «ዋና ድምፃዊ ሙሉዓለም» ይላል። ያንች ስም የለም፣ የካሳ የለም፣ የየሻረግ የለም፤ «ከጓደኞቹ ጋር» ብቻ። አህያዋን ግን ሁሉም ያውቃታል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲል «ቆይ፣ አሁን አህያዋ ትመጣለች» ይባባላሉ። አህያዋን በቅሎ ናት ያላት ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ይሄም ይሁን እል ነበር። ሬዲዮ ሲሳሳት የመጀመሪያው አይደለም። እኔን የገደለችኝ ልጅሽ ናት።

የጎረቤት ቴፕ ተውሼ ስንዱን ፊቴ አስቀመጥኳት። ፀጉሯን ቅቤ ቀብቼ፣ ንጹሑን ቀሚሷን አልብሼ፣ ክርስትና እንደምትነሳ ሁሉ። «ዛሬ እናትሽን ትሰሚያታለሽ» አልኳት። ካሴቷ ዞረች። አንች ገባሽ። ልጅቱን አያታለሁ፤ ምንም የለም፤ ትጠብቃለች። የሙሉዓለም ቀጭን ድምፅ ከላይ ሲመጣ ፊቷ በራ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይችትና! እማዬ ይችትና!» አለችኝ። «አይደለችም ልጄ፣ ወፍራሟ ናት» አልኳት። «አባባ ደግሞ! እሱማ ወንድ ነው። በሬዲዮ ተናግረዋል እኮ፤ አስተማሪያችንም ብሎናል።» መልሼ አጫወትኩላት፣ አሁንም መልሼ። ቴፑን ደበደብኩት። ማልኩ። በመጨረሻ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እጄን ያዘችና «እሽ አባባ፣ በቃ አንተ እንዳልከው ይሁን» አለችኝ። ጠብ እንደሚያበርድ ሽማግሌ አባበለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ!

አሁን ውኃ ስትቀዳም፣ ቤት ስትጠርግም የምታንጎራጉረው ቀጭኑን ነው። እናቴ ብላ የምትከተለው የዚያን ሰውዬ ጉሮሮ ነው። አንች እዚያው ካሴት ውስጥ፣ ከስሩ፣ አጠገቧ ሆነሽ ትዘፍኝላታለሽ፤ እሷ ባንች ላይ አሻግራ ሌላ ሰው ትሰማለች። እኔ በሁለታችሁ መሀል ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ ንገሪኝ።

ምስክር ፈለግሁ። የድሮው ጎረቤት ሁሉ «እንጃ ደምሴ፣ ስንት ክረምት የወረደበትን ነገር» ይለኛል። የወገዳው የሙሽራ አባት ሞተዋል። አንዱ ደግሞ ጎኔን ጎሽሞ «ተው፣ ልጅ አለህ፣ ወንበር ካለው ሰው ጋ ምን አጋፋህ» አለኝ። ልጅ ስላለኝ እኮ ነው!

ደብረ ታቦር ሄድኩ። ሙሉዓለም ቢሮ ገባሁ። «ጋሼ» የለ፣ «አንቱ» የለ፤ «ጓድ ደምሴ፣ ምን ፈለግህ?» አለኝ። ስሟ ይጻፍ፣ ለልጇም ንገርልኝ አልኩት። «ሥራው የጋራ ነው፤ ድምፅ የግል ንብረት አይደለም» አለኝ። እኔ መሬት ለአራሹ ሲባል ሰልፍ ወጥቼ እልል ያልኩ ሰው ነኝ፤ «ታዲያ ድምፅስ ለዘፋኙ አይሆንም ወይ?» አልኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ ያን ጊዜ ነው እውነቱ የወጣው። «ደምሴ፣ እኔ ስብሰባ የምመራ ሰው ነኝ። ቀጭኑ የኔ ነው ብል ማን ያከብረኛል? ይስቁብኛል እኮ! እሷ እንደሆነች ሞታለች፣ ምን ይጎድልባታል?» አለኝ። ቀጥሎም፣ ይሄን ተናገርክ ብትለኝ እክዳለሁ አለ።

ሰማሽው? ገንዘብም አይደለም፣ ፖለቲካም አይደለም። ሳቅ ፈርቶ ነው የልጄን እናት የወሰደብኝ። አንች ባበላሽው አፍ።

አልረሳሽም ብዬ ልምልልሽ ነበር፣ ግን እፈራለሁ። ካሴቷን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ የወትሮው ድምፅሽ፣ ከጓዳ ሆነሽ «ደምሴ፣ እጅህን ታጠብ» ስትይ የነበረው፣ እየጠፋብኝ ነው። የዘፈኑ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ላይ የሰው ስም ተለጥፎበታል። አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማሽ የሚመጣብኝ ያ ጢም ነው። ይሄን በሰማይም ቢሆን ይቅር አልልም። የቻልኩትን ያህል ጥርሴን ነክሼ አስታውስሻለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን እኔ አፈር ስገባ ማስታወሴም አብሮኝ ይገባል። ወደ ስንዱ ካልተሻገረ ምኑ ማስታወስ ነው?

ስለዚህ ይቅርታ አርጊልኝ፣ ካንች ላይ ፊቴን ላዙርና ለሱ ልናገር።

ሙሉዓለም! የዚህ ወረቀት አንዱ ቅጅ እዚህ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ሌላው ያንተው ቢሮ በር ላይ። ልታሳስረኝ እንደምትችል አውቃለሁ፤ የት እንደምገኝ ታውቃለህ። በር ዘግተህ የነገርከኝን በር ዘግቼ አልቀበልህም። ወይ በዚያው በሬዲዮህ መልስ፣ ወይ አርብ ቀን ገበያው ሲሞላ መጥተህ መሀሉ ላይ ቁም። ስንዱን ፊት ለፊትህ አቆማታለሁ። ንግግር አታድርግልን፣ ጠግበናል። አፍህን ከፍተህ ቀጭኑን ዝፈን፤ ሰው ከሳቀም ይሳቅ። ከዚያ ጎንበስ በልና ልጅቱ የምትጠይቅህን አንድ ነገር፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብለህ መልስላት፤ ወፍራሙ ድምፅ የማን ነው?